ያልመለሰው ጉድጓድ

በጉልበቴና በክርኔ ተደፍቼ ጆሮዬን ወደ አንድ ጉድጓድ አፍ አስጠግቻለሁ። በቀኝ እጄ ትንሽ ስፒከር ይዣለሁ። ስጫነው የወንድ ወፍ ጩኸት ይለቃል፤ እየተናነቀው ለመጮህ የሚታገል ሰው ይመስላል። አጠፋዋለሁ። እሰማለሁ። ከመሬቱ ውስጥ ሌላ ጩኸት ከመለሰ ደብተሬ ላይ አንድ ጭረት። ካልመለሰ ዜሮ። ከዚያ ወደሚቀጥለው ጉድጓድ።

ዛሬ ስንሠራ የዋልነው ይህንኑ ነው። 40 ጉድጓድ ጠየቅን፤ 17ቱ መለሱ።

ያለሁት ስኮክሆልም ደሴት ላይ ነው። ዌልስ ውስጥ፣ ከፔምብሮክሺር ዳርቻ ወደ ባሕሩ ትንሽ ገባ ብላ የተቀመጠች፣ ስፋቷ አንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነች ቀይ አለት ናት። የጁን ሁለተኛ ሳምንት ነው። ለሰባት ቀን በጎ ፈቃደኛ ሆኜ የመጣሁት ወፍ ልቆጥር ነው። ጀልባ ላይ ከመውጣታችን በፊት ሻንጣችንን ደህና አድርገን እንድንፈትሽ ተነገረን። የሚፈለገው አይጠ መጎጥ ነው። ትንንሾቹ የቤት አይጦች ደሴቷ ላይ ከድሮ ጀምሮ አሉ፤ አይጠ መጎጥ ግን የለም። አንዲት እርጉዝ በምግብ ካርቶን ተደብቃ ብትሻገር፣ እዚህ መሬት ውስጥ የሚፈለፈል ጫጩት ሁሉ አለቀለት ማለት ነው። ሻንጣዬን ሁለት ጊዜ አራገፍኩት።

ጉድጓድ ውስጥ ያለችው ወፍ ማንክስ ሺርዋተር ትባላለች። ከላይ ጥቁር፣ ከታች ነጭ፣ ክንፏ ረጅምና ቀጭን ነው። በዓመት አንድ እንቁላል ብቻ ትጥላለች። እንቁላሉ እስኪፈለፈል 50 ቀን ገደማ ይፈጃል። ባልና ሚስት በየተራ ይታቀፋሉ፤ አንዱ ጨለማ ውስጥ ቀናት ሲቀመጥ ሌላው ባሕር ላይ ምግብ ፍለጋ ይውላል ያድራል። ስኮክሆልም፣ ጎረቤቷ ስኮመርና በአጠገባቸው ያለችው ትንሿ ሚድልሆልም አንድ ላይ የዓለምን ማንክስ ሺርዋተር ከግማሽ በላይ ይይዛሉ። ቀን ላይ ግን ሜዳው ጭር ያለ ነው። ሣር፣ ጥንቸል፣ ጉድጓድ። ከእግሬ በታች ስንት ልብ እንደሚመታ ሳስበው አረማመዴ ራሱ ተቀየረ። አፈሩ በጉድጓድ የተቦረቦረ ስለሆነ ከመንገዱ አንድ እርምጃ ወጣ ካሉ የአንዷን ጣሪያ መደርመስ ነው።

ወደ ቆጠራው ልመለስ። ከኔ ጋር የተመደቡት ሴት ዕድሜያቸው ገፋ ያለ ነው። ይህንን ሥራ ለብዙ ክረምትና በጋ ሠርተውታል። የመጀመሪያው ቀን ላይ ገና በሦስተኛው ዜሮ ፊቴ እንደወደቀ አዩ።

«ባዶ ነው እንዴ?» አልኳቸው።

«አልመለሰም እንጂ ባዶ ነው አላልንም» አሉኝ። «ምን ሰማህ? እሱን ጻፍ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ስፒከሩ ላይ ያለው የወንድ ድምፅ ነው። ለወንድ ድምፅ በአብዛኛው የሚመልሰው ወንዱ ነው። በዚያ ቀን ተራዋ ደርሶ የታቀፈችው ሴቷ ከሆነች ዝም ልትል ትችላለች። ወንዱም ቢሆን ሁልጊዜ አይመልስም። ስለዚህ ወፍ እንዳለበት በእርግጥ የሚታወቁ ጉድጓዶች ተለይተው በየቀኑ ደጋግመው ይጠየቃሉ። ከነሱ ውስጥ ስንቱ እንደሚመልስ ሲታወቅ፣ በሌላው ቦታ የተሰማው መልስ በዚያ መጠን ከፍ ተደርጎ ይሰላል። ዝምታው ራሱ ሒሳቡ ውስጥ ይገባል። ይህንን ሳውቅ ዜሮ መጻፍ ቀለለኝ። ነፋስ ሲያስቸግር ደግሞ ከዜሮው ጎን «ነፋስ» ብዬ አሰፍራለሁ፤ ምናልባት መልሶ ይሆናል፣ እኔ ነኝ ያልሰማሁት።

ጉድጓዶቹ አጠገብ ከተተከሉት ምልክቶች መካከል 27 ቁጥር የተጻፈባት የእንጨት ችካል አለች። እሷ ጋ ያለው ጉድጓድ አፉ ንጹሕ ነው፤ የተጫረ ትኩስ አፈር አለ፤ ደጁ ላይ ነጭ ኩስ ይታያል። ሰው ያለበት ቤት ይመስላል። ሦስት ቀን ጠየቅኩት። ሦስት ቀን ዝም።

ማታ ሌላ ዓለም ነው። ትናንት ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ወጣን። ጨረቃ የለም። ሺርዋተሮች የሚመጡት እንዲህ ሲጨልም ነው። እግራቸው ወደ ኋላ ተገፍቶ የተተከለ ስለሆነ ለመዋኘትና ለመጥለቅ እንጂ ለመራመድ አይሆንም። መሬት ላይ ጀርባ ጥቁሩ ትልቁ ሲጋል ካገኛቸው አያመልጡም። ስለዚህ ቀኑን ባሕር ላይ ውለው ጨለማን ተገን አድርገው ይገባሉ። መጀመሪያ አንድ ጩኸት፣ ከዚያ ሁለት፣ ከዚያ ሰማዩ በሙሉ። የራሴን ድምፅ መስማት አልቻልኩም። ከታች ያሉት ለላዮቹ ይመልሳሉ። ቀን ዝም ያለው ሜዳ በሙሉ ተነስቶ ይነጋገራል።

በአማርኛ «የሌሊት ወፍ» የምንላት ወፍ አይደለችም። እኔ እውነተኛዋን የሌሊት ወፍ ያገኘሁት እዚህ ነው። እዚህ ላሉት የባሕር ወፎች፣ ለፓፊን፣ ለጊልሞት፣ ለሺርዋተር የአማርኛ ስም ስለሌለን ደብተሬ ላይ የእንግሊዝኛውን በፊደላችን ነው የምጽፈው። የዚህችን ስም ግን ደጋግሜ ብጽፈውም አላረካኝም።

አንዷ ከቦት ጫማዬ አጠገብ ዱብ አለች። ቀይ ብርሃን ባለው ባትሪ አየኋት። በደረቷ ተኝታ ታለከልካለች። ከምንቃሯ በላይ ሁለት ትንንሽ ቱቦዎች አሉ፤ ጨዋማ ጠብታ ጫፉ ላይ ተንጠልጥሏል። የባሕር ውኃ ስለምትጠጣ ትርፉ ጨው የሚወጣው በዚያ በኩል ነው። ከዚያ በክንፏም በእግሯም እየተሳበች፣ እያረፈች፣ ሣሩን እየገፋች ሄደች። እግሯ ላይ የብረት ቀለበት ብልጭ አለ። መቼ እንደታሰረላት አላውቅም። ከዚህ ወደ ሰሜን ባርድሲ በምትባል ሌላ የዌልስ ደሴት በ1957 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ ናቸው) አዋቂ ሆና ቀለበት የታሰረላት አንዲት ሺርዋተር፣ ከ40 ዓመት በላይ ቆይታ እዚያው በሕይወት ተይዛለች። ሺርዋተሮች በየዓመቱ የአውሮፓን የብርድ ወራት ለማሳለፍ ደቡብ አሜሪካ ዳርቻ፣ ብራዚልና አርጀንቲና ድረስ ሄደው ይመለሳሉ። እኔ አጠገብ ዱብ ያለችው በዕድሜ ከኔ ትበልጥ ይሆናል። ባትሪውን አጠፋሁላት።

ከዚችው ደሴት በ1952 አንዲት ሺርዋተር በአውሮፕላን ቦስተን ተወስዳ ነበር። እዚያ ለቀቋት። በ12 ቀን ተኩል ውስጥ አትላንቲክን አቋርጣ፣ 5,000 ኪሎ ሜትር ገደማ በርራ፣ የገዛ ጉድጓዷ ውስጥ ተገኘች። መለቀቋን የሚናገረው ደብዳቤ ከመድረሱ በፊት ማለት ነው። ይህንን ታሪክ ከመምጣቴ በፊትም አውቀዋለሁ። በዚያች ጨለማ ውስጥ፣ ከሺዎቹ ጉድጓድ አንዱን መርጣ ስትገባ ሳያት ግን አዲስ ሆነብኝ።

ስለ ፓፊን ብዙ አልልም፤ ፎቶው በየቦታው አለ። አንድ ነገር ብቻ። ከሦስት ሜትር ርቀት ላይ አንዱ ቆሞ አየሁት። ምንቃሩ ውስጥ ቀጫጭን የብር ዓሦች በረድፍ ተደርድረዋል። ምላሱና ላንቃው ወደ ኋላ የሚያጋድሉ ጥቃቅን እሾሆች ስላሉት፣ ያጠመደውን ሳይለቅ ሌላ ይጨምራል። አምስት ቆጠርኩ። ስድስተኛዋን ልለይ ስል ጉድጓዱ ገባ። «5+» ብዬ ጻፍኩ።

ይቺን የመደመር ምልክት የተማርኳት ዋጋ ከፍዬ ነው። ማታ ማታ ከራት በኋላ ሁላችንም እንሰበሰብና መዝገቡ ይሞላል። ልክ እንደ ትምህርት ቤት ስም ጥሪ ነው። የየወፉ ስም ይጠራል፤ ያየ ሰው ቁጥሩን ይናገራል። ከዚያ ሲል የሚባሉት የባሕር አጥቢ እንስሳት፣ ቢራቢሮዎች፣ ማታ በመብራት ወጥመድ ገብተው ጠዋት ተቆጥረው የተለቀቁ የእሳት እራቶች። በሁለተኛው ማታ «ኦይስተርካቸር፣ የሰሜኑ ዳርቻ?» ተባለ፤ የባሕር ዳርቻ ወፍ ነው። ያ የኔ ክፍል ነው። «20» አልኩ። ሴትዮዋ ቀና ብለው አዩኝ።

«ቆጥረህ ነው?»

ደብተሬ ላይ ያለው 13 ነው። ከአለቱ ወዲያ ሲጮኹ ሰምቻለሁ፤ ጥቂት ይሆናሉ ብዬ ጨምሬ፣ ቁጥሩን ክብ አድርጌ ነው የተናገርኩት። እውነቱን ነገርኳቸው። ማንም አልተቆጣኝም። «13፣ ሌሎችም ተሰምተዋል» ተብሎ ተጻፈ። ፊቴ ግን ግሏል። ሮናልድ ሎክሊ የተባለው ሰው ይህችን ደሴት በ1927 ተከራይቶ መኖር ጀመረ፤ በ1933 በብሪታንያ የመጀመሪያውን የወፍ መከታተያ ጣቢያ እዚሁ አቋቋመ። መሐል ላይ የተቋረጡ ዓመታት ቢኖሩም፣ ብዙ ሰው እዚህ እየመጣ ያየውን ጽፏል። ከ50 ዓመት በኋላ ያንን ገጽ የሚገልጥ ሰው የኔ 20 ውስጥ ሰባቱ ግምት መሆናቸውን በምን ያውቃል?

በምዕራብ በኩል አየሩ ሲጠራ ግራስሆልም ትታያለች። ግማሽ ጎኗ ነጭ ነው፤ በረዶ የሚመስለው ጋኔት የሚባሉት ትልልቅ ነጭ ወፎችና ኩሳቸው ነው። በ2022 የወፍ ጉንፋን ገባባት። በሚቀጥለው ዓመት ሲቆጠር ከግማሽ በላይ ጎጆ ጠፍቶ ነበር። ሴትዮዋ ባይኖኩላራቸውን ወደዚያ አድርገው ረጅም ጊዜ ቆዩ። «ነጩ ወዲያ ድረስ ይሄድ ነበር» አሉ በጣታቸው እያሳዩኝ። እኔ የማየው ያለውን ነው፤ የጎደለውን የሚያዩት እሳቸው ናቸው። ቀድሞ የቆጠረ ሰው ባይኖር ኖሮ ሁላችንም ቆመን «እንዴት ያምራል» ብለን እናልፍ ነበር።

አምስተኛው ቀን ላይ ጭጋግ ወረደ። ገደሉ ላይ ያሉትን ጊልሞቶች ልንቆጥር ወጥተን ምንም ሳናይ ተመለስን። ሁለት ሰዓት ሙሉ ድምፃቸውን እየሰማን ቆመናል፤ ሽታቸው ይመጣል፣ ከታች ማዕበሉ ይሰማል። ማታ ስማቸው ሲጠራ «አልተቆጠረም፣ ጭጋግ» አልኩ። ድምፄ አልተንቀጠቀጠም።

ዛሬ የመጨረሻዬ ነው። ጀልባው ነገ ጠዋት ይመጣል። ከሰዓት በኋላ ብቻዬን ወደ ችካል 27 ሄድኩ። ፈቃድ ጠይቄ ነው፤ ይህ ጥያቄዬ ለቆጠራው አይገባም። ተንበረከክኩ። ተጫንኩት። አጠፋሁት። ከውስጥ የአፈር ቅዝቃዜና የዘይት የሚመስል፣ የወፍ ሽታ ይመጣል። ትንሽ ላባ አፉ ላይ ነፋስ ያርገበግባታል። ሁለት ደቂቃ ያህል ጠበቅኩ። ከጎኑ ያለው ጉድጓድ፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ አንድ ጊዜ ጮኸ።

ደብተሬን አወጣሁና ጻፍኩ፦ «27፤ አልመለሰም። ላባ አለ። ነፋስ ቀላል።»