2.7 ቴራባይት የበሉት እናት

ከሦስት ዓመት በፊት፣ ክረምት ላይ ነው። ያኔ የቤት ኢንተርኔት በሚያቀርብ አንድ ድርጅት ውስጥ የመስክ ቴክኒሻን ነበርኩ። የድርጅቱ ስም ይቅር። ጥፋቱ የእኔ ስለሆነ ስሙ ምንም አይጨምርም።

ጠዋት ጠዋት የሥራ ትዕዛዝ ይታደለናል። መስመር ተቆርጧል፣ ሞደሙ አይበራም፣ ቤት ቀይረናል፣ እንዲህ እንዲህ ያለ ነገር። የዚያን ቀን ግን አንዱ ወረቀት ለየት አለብኝ። ሳሪስ አካባቢ ያለ መኖሪያ ቤት። ያልተገደበ ፋይበር፣ ለመላክም ለመቀበልም በሴኮንድ 10 ሜጋቢት። የወሩ ፍጆታ 2.7 ቴራባይት፣ ማለትም 2,700 ጊጋባይት። ከሥሩ በእስክሪብቶ "ይጣራ" ተብሎበታል።

"ይጣራ" በእኛ ቢሮ ቋንቋ "ደንበኛው ኢንተርኔት እየቸረቸረ ነው፣ ሄደህ ያዘው" ማለት ነው።

ጥርጣሬው ያለ ምክንያት አልነበረም። ጥራት ያለው ፊልም በሰዓት እስከ 3 ጊጋባይት ይወስዳል። በዚህ ሂሳብ 2.7 ቴራባይት ለመጨረስ 900 ሰዓት ማየት ያስፈልጋል። ወሩ ያለው 720 ሰዓት ብቻ ነው። እንቅልፍ የሚባል ነገር የማያውቅ ሰው እንኳ በአንድ ቴሌቪዥን አይደርስበትም። እንግዲህ ወይ ቤቱ ውስጥ ብዙ ሰው አለ፣ ወይ መስመሩ ጎረቤት ገብቷል። ውሉ ደግሞ ለሌላ ማካፈልና መሸጥ ይከለክላል።

በሩን የከፈቱልኝ ሰባ ዓመት የሚሆናቸው እናት ናቸው።

"ተመስገን! መጣህልኝ ልጄ። ወር ሙሉ ስደውል እኮ ነው የከረምኩት።"

ግራ ገባኝ። ለካ እሳቸውም በበኩላቸው ቅሬታ አስመዝግበው ኖሯል። ልጃቸው ማታ ማታ ከአሜሪካ ሲደውል ድምፁ ይቆራረጣል። "ሄሎ፣ ሄሎ ስንባባል ሰዓቱ ያልቅና ወደ ሥራው ይሄዳል" አሉኝ።

ጆሮዬን አልሰጠኋቸውም። ዓይኔ ግቢውን እየፈተሸ ነበር። አገኘሁም! ከጣሪያው ሥር የወጣ ነጭ ገመድ በአጥሩ ላይ አልፎ ወደ ጎረቤት ይሄዳል። ጎረቤቱ ሱቅ ነው። ሱቁ በር ላይ ሦስት ጎረምሶች ስልካቸው ላይ አፍጥጠዋል። ከዚህ ወዲያ ምን ማስረጃ ልፈልግ?

"እማማ፣ እዚህ ቤት ስንት ሰው ነው የሚኖረው?"

"እኔና የምታግዘኝ ልጅ።"

"ኢንተርኔቱን ሌላ የሚጠቀም የለም?"

"ማን ይጠቀማል? እኔ እንደሆንኩ ስልኩ ሲጮህ ከማንሳት ሌላ አላውቅ።"

ቡና ደርሷል፣ አረፍ በል አሉኝ። ሥራ አለብኝ ብዬ ወጣሁ። መኪና ውስጥ ሆኜ ሪፖርቱን ጻፍኩ። "ደንበኛዋ መስመሩን በገመድ ለጎረቤት ሱቅ አጋርተዋል።" በቃ። ገመዱን ተከትዬ ጫፉን አላየሁም። ባለሱቁንም አልጠየቅኩም። በማግስቱ መስመራቸው ተዘጋ።

በሦስተኛው ቀን ቢሮ መጡ። ከባድ ዝናብ ነበር። ነጠላቸው በስብሷል። ወረፋ ጠብቀው መስኮቱ ጋ ሲደርሱ አልጮኹም። ቢጮኹ ይሻለኝ ነበር።

"ያልተገደበ ነው ብላችሁ አይደል የሸጣችሁልኝ? ልጄ አንድ ወር አሳልፎ አያውቅም፣ ይከፍላል። ታዲያ ምኑን ነው የሰረቅኩት?"

ከዚያ እኔን አዩኝ። ፊታቸው በራ። "ይኸው! ይሄ ልጅ ያውቃል። ቤቴን ገብቶ አይቶታል።"

የከሰስኳቸው እኔ መሆኔን አላወቁም። ምስክር አድርገው ጠሩኝ።

የኔትወርክ ክፍሉን ኃላፊ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ድምፅ ሰምተው ወጡ። ሪፖርቴን አነበቡና ወደ ውስጥ ጠሩኝ።

"የገባው ስንት ነው፣ የወጣው ስንት ነው?"

"2.7 ቴራ ነው፣ ጋሼ።"

"እሱማ ድምሩ ነው፣ እኔም አነበዋለሁ። ዳውንሎዱ ስንት ነው፣ አፕሎዱ ስንት ነው?"

አላየሁም። የሥራ ትዕዛዙ ላይ የሚመጣው ድምሩ ብቻ ነው። ዝርዝሩን ለማየት ሲስተሙ ውስጥ አንዲት ቁልፍ መጫን ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። ጋሼ ተጫኗት። ወደ ቤቱ የገባው 140 ጊጋባይት ገደማ። ከቤቱ የወጣው 2.6 ቴራባይት!

ኢንተርኔት የሚቸረችር ቤት እንዲህ አይደለም። ሰው ፊልም ያወርዳል፣ ቲክቶክ ሲያይ ይውላል። የሚበዛው የሚገባው ነው። የእማማ ቤት የተገላቢጦሽ ሆነ። ግራፉን ስናሰፋው ደግሞ ይባስ። ቀን የለ፣ ሌሊት የለ፣ መስመሩ 8 ሜጋቢት አካባቢ ላይ እንደተወጠረ ክር ቀጥ ብሏል። የሚወድቀው ምናልባት ሰፈሩ መብራት ሲጠፋ ነው። ሰው ሲጠቀም ግራፉ እንዲህ አይሆንም። ሰው ይተኛል፣ ገበያ ይሄዳል፣ ይሰለቸዋል።

ጋሼ ወረቀቱን ገልብጠው ጀርባው ላይ ጻፉ። አንድ ባይት 8 ቢት ነው፤ ስለዚህ 8 ሜጋቢት በሴኮንድ 1 ሜጋባይት ይሆናል። ቀኑ 86,400 ሴኮንድ አለው። በቀን 86.4 ጊጋባይት። በ30 ቀን 2,592 ጊጋባይት፣ ማለትም 2.6 ቴራባይት ገደማ። ሲስተሙ ካሳየን ጋር ገጠመ።

"ይሄ የማሽን ሥራ ነው" አሉ። "ወይ ካሜራ ነው፣ ወይ ቫይረስ።"

ቫይረሱን ያነሱት ለወግ አልነበረም። በ2016 እ.ኤ.አ. ሚራይ የተባለ ቫይረስ የፋብሪካ ፓስወርዳቸው ያልተቀየረ ካሜራዎችንና ራውተሮችን በየአገሩ እየያዘ አሰልፏቸው ነበር። በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ እነሱን ይዞ የድረ ገጾችን አድራሻ ፈልጎ የሚያገናኘውን ዳይን የተባለ ድርጅት ሲያጠቃ፣ ትዊተርና ኔትፍሊክስ ሳይቀሩ ለብዙ ሰው ለሰዓታት አልከፍት አሉ። ባለካሜራዎቹ አብዛኞቹ ምንም አላወቁም።

መስመራቸውን ያኔውኑ አስከፈትን። እኔም እማማን በመኪና ይዣቸው ሳሪስ ተመለስኩ። በዚህ ጊዜ ገመዱን በጣቴ እየዳሰስኩ ተከተልኩት። አጥሩን አለፈ፣ የሱቁን ግድግዳ ይዞ ሄደ፣ ጥግ ላይ አለቀ። ጫፉ ላይ ያለችው የቡጢ ታህል ነጭ ካሜራ ናት። የእማማን በር ፊት ለፊት ታያለች። ባለሱቁ "ልጃቸው ለምኖኝ ነው፣ በሩ ከዚህ ጥሩ ይታያል ብሎ" አለኝ። ጎረምሶቹ? በገዛ ካርዳቸው ነበር የሚጠቀሙት።

ካሜራው አራት ነው። በር፣ ግቢ፣ ሳሎን፣ ወጥ ቤት። ልጅየው የሚኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ለፋሲካ መጥቶ አስገጥሞላቸው ሄደ። የገጠመው ባለሙያ አራቱንም ሳያቋርጡ እየቀረጹ ወደ ክላውድ፣ ማለትም በኢንተርኔት ወደሚደረስበት የኩባንያው ማከማቻ፣ እንዲልኩ አድርጓቸዋል። እያንዳንዳቸው 2 ሜጋቢት። አራት ጊዜ ሁለት፣ ስምንት። ፓስወርዱም እንደ ፈራነው የፋብሪካው ነበር። ደግነቱ ማንም አልገባበትም፤ የሚወጣው ሁሉ ወደ ካሜራው ኩባንያ ሰርቨር ብቻ ነበር የሚሄደው።

የስልኩም ነገር እዚያው ተፈታ። ካሜራ ጨለማ ውስጥ ሲያይ ምስሉ ጭርጭር ይላል። ጭርጭር ያለ ምስል ለመጭመቅ ያስቸግራል፣ ስለዚህ የሚላከው ዳታ ይጨምራል። ማታ ላይ 8 የነበረው በየመሃሉ ለአፍታ ወደ 10 ይዘልና መስመሩን ይሞላዋል። የእማማ ድምፅ የሚወጣበት ቀዳዳ ያጣል። ልጃቸው የሚደውለው በምሳ እረፍቱ ነው። እዚህ ማታ 2 ሰዓት ይሆናል። ምስኪን፣ እናቱን በአራት ካሜራ እያየ ድምጿን መስማት አቃተው።

ስለ ያልተገደበ ኢንተርኔት አንድ ነገር ልናገር፣ ካሁን በኋላ የሚከለክለኝ አለቃ የለም። አሻሻጡ እንደ ዕድር ድንኳን ነው። አባሉ ሁለት መቶ፣ ድንኳኑ ሁለት። ሁሉም በአንድ ቀን ስለማይፈልገው ይበቃል። ጂፖን በሚባለው የፋይበር ዓይነት አንዱ መስመር ወደ ቤቶች 2.5 ጊጋቢት ገደማ ይልካል፣ ከቤቶች 1.25 ገደማ ይቀበላል። ይህንን 32 ወይም 64 ቤት ይካፈለዋል። ከ1,250 ሜጋቢት ላይ እማማ 8 ወሰዱ። ይህን ነው አገር የተናጋ ያስመሰልነው። ደግሞስ 10 ሜጋቢት መስመር ወር ሙሉ ሳያርፍ ቢሠራ በአንድ አቅጣጫ 3.24 ቴራባይት ነው፤ ከዚያ በላይ ልጠቀም ቢሉም አይችሉም። ገደቡን እኛው በፍጥነቱ ላይ አድርገን ሸጠናል። የገዛውን ሊጨርስ የተጠጋን ሰው ሌባ ማለት ምን የሚሉት ንግድ ነው?

አራቱም ውስጥ 128 ጊጋባይት ሜሞሪ ካርድ ከተትን፤ በዚያ ጥራት ስድስት ቀን ያህል ይይዛል። ወደ ክላውድ የሚሄደው እንቅስቃሴ ሲኖር ብቻ እንዲሆን አደረግሁ። ፓስወርዱንም ለወጥኩ። ልጅየው እዚያው እያለሁ ደወለ። ጥርት ብሎ ተሰማ።

ስልኩ ሲዘጋ ሪፖርቱን የጻፍኩት እኔ እንደሆንኩ ነገርኳቸው። ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ ረከቦቱ አጠገብ ያለውን በርጩማ አሳዩኝ።

"ያን ቀን እዚህ ተቀምጠህ ቡናዬን ብትጠጣ ኖሮ ታያት ነበር።"

ተቀመጥኩ። እውነትም ከበርጩማው ላይ ሆኖ በመስኮቱ ሲታይ የሱቁ ግድግዳ ላይ ያለችው ካሜራ ቁልጭ ብላ ትታያለች። ሁለተኛውን ስኒ ሲሰጡኝ ጠጋ ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"የወጥ ቤቷን ግን ንቀልልኝ። ደም ብዛት አለብኝና፣ ወጡ ላይ ጨው በጨመርኩ ቁጥር ከአሜሪካ ይደውላል።"

"ልጅዎ ለምን ተነቀለች ቢለኝስ?"

"ኢንተርኔቱን የምትበላው እሷ ናት በለው።"

የሥራ ትዕዛዙን አወጣሁና ጻፍኩ። "ካሜራ ቁጥር 4፣ ከመጠን በላይ ዳታ በመጠቀሟ ተነስታለች።" በዚያ ሳምንት የጻፍኩት ሁለተኛው የሐሰት ሪፖርት ነው። ይሄኛውን እማማ ራሳቸው ፈረሙበት።