በሲኞሬ ትኬት ማላጋ

ትኬቱ የእኔ አልነበረም። ሮም ውስጥ የምንከባከባቸው ሽማግሌ ልጅ ለራሱና ለአባቱ ነበር የገዛው። ሲኞሬ (ሽማግሌውን የምጠራቸው እንዲህ ነው፣ በጣሊያንኛ «ጌታዬ» እንደ ማለት) ጉልበታቸው እምቢ ሲላቸው «አንቺ በእኔ ቦታ ሂጂ» አሉኝ። መጀመሪያ የሚቀልዱ መስሎኝ ነበር። ግን ስድስት ዓመት ሙሉ አንድ ሶፋ ላይ ተቀምጠን ሜዳ ቴኒስ አይተናል። 15፣ 30፣ 40 እያሉ የነጥብ አቆጣጠሩን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። እናም እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2023 አንድ አርብ ማታ ከልጃቸው ጋር ከፊውሚቺኖ አየር ማረፊያ ተነስተን ዴቪስ ካፕን ለማየት ስፔን፣ ማላጋ ገባን።

ዴቪስ ካፕ ማለት የወንዶች ብሔራዊ የቴኒስ ቡድኖች የዓለም ዋንጫ ነው በሉት። ከ1900 ጀምሮ ያለ ውድድር ነው። ጣሊያን እስከዚያ ቀን ድረስ የወሰደችው አንድ ጊዜ ብቻ ነበር፣ በ1976። የዚያን ዓመት ታሪክ ሲኞሬ መቶ ጊዜ ነግረውኛል፣ እኔም አልሰለቸኝም። ፍጻሜው ቺሊ፣ ሳንቲያጎ ላይ ነበር። ጊዜው የወታደራዊው አምባገነን የፒኖቼ ነው፣ ስታዲየሙ ደግሞ ከ1973ቱ መፈንቅለ መንግሥት በኋላ እስረኞች የታጎሩበት ያው ስታዲየም። ሶቪየት ኅብረት በግማሽ ፍጻሜው ከቺሊ ጋር አልጫወትም ብላ ቀርታለች። ጣሊያን ውስጥም «ይሂዱ፣ አይሂዱ» ተብሎ አገር ታመሰ። ሲኞሬና ታላቅ ወንድማቸው በዚህ ጉዳይ ተጣልተው ለወራት ተኮራርፈው ነበር። በመጨረሻ ቡድኑ ሄደ። አድሪያኖ ፓናታና ፓኦሎ ቤርቶሉቺ የጥንድ ጨዋታውን ቀይ ማሊያ ለብሰው ጀመሩ። በፒኖቼ አገር ቀይ የግራ ክንፍ ተቃዋሚዎቹ ቀለም መሆኑ ለማንም ግልጽ ነው፣ ፓናታም ቆየት ብሎ ሆን ተብሎ የተደረገ መሆኑን ተናግሯል። ሲኞሬ እዚህ ቦታ ላይ ሁሌም ድምፃቸው ይሰባበራል።

ቅዳሜ ጠዋት ቡና ልጠጣ ወጣሁ። ማላጋ ቡና የሚታዘዘው በወተቱ ልክ ነው፣ ለእያንዳንዱም ስም አለው። ጠብታ ቡና ያለበት ወተት «ኑቤ» ይባላል፣ ደመና ማለት ነው። ትንሽ ጠቆር ሲል «ሶምብራ»፣ ጥላ። እኩል በእኩል ሲሆን «ሚታድ»። ማኪያቶዬ ጠቆር ይበል እያልኩ ላደግኩት ለእኔ አገሬ የገባሁ ነው የመሰለኝ። ከዚያ ሜትሮ ቁጥር 2ን ይዘን እስከ መጨረሻው ፌርማታ ሄድን፤ የስፖርት አዳራሹ እዚያው ነው። ባቡሩ ውስጥ ሰማያዊ የለበሱ ጣሊያኖችና ቀይ የለበሱ ሰርቦች ተጣብቀው ቆመዋል። ጠብ የለም፣ ዘፈን ብቻ።

ግማሽ ፍጻሜው ጣሊያን ከሰርቢያ ነው። ሁለት ነጠላ፣ አንድ ጥንድ፣ ሁለቱን ያሸነፈ ያልፋል። የጣሊያኑ ሙሴቲ የመጀመሪያውን በሰርቢያው ኬችማኖቪች ተሸነፈ። ስለዚህ የጣሊያኑ ያኒክ ሲነር የሰርቢያውን ጆኮቪችን ካላሸነፈ ሁሉም ነገር አለቀ ማለት ነው። ጆኮቪች ደግሞ በዴቪስ ካፕ ነጠላ ከ2011 ወዲህ ተሸንፎ አያውቅም፣ 21 ጨዋታ በተከታታይ። ገና ባለፈው እሑድ ቱሪን ላይ ይህንኑ ልጅ በፍጻሜ አሸንፎታል።

ሲነር በዚያ ዓመት ሴፕቴምበር ቦሎኛ ላይ ለተደረገው የምድብ ጨዋታ አልመጣም ነበር። ብዙ ጣሊያኖች ተቀይመውታል፣ ሲኞሬም «አገር ሲጠራ ይኬዳል» ብለው ሳምንት ሙሉ ሲያጉረመርሙ ከርመዋል። እኔ ግን አዝኜለት ነበር። ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው፣ ሰውነቱም ሰውነት ነው።

በቴሌቪዥን የማይታይ ነገር ልንገራችሁ። በአብዛኛው ሌላ ውድድር ተጫዋቹ በእረፍት ወንበሩ ላይ ብቻውን ነው የሚቀመጠው። እዚህ ግን ካፒቴን የሚባለው ሰው ሜዳው ውስጥ አጠገቡ አለ፣ ለጣሊያን ፊሊፖ ቮላንድሪ። ከኋላ የቡድን ጓደኞቹ አሉ። ቤሬቲኒ ጉዳት ላይ ስለነበር መጫወት አልቻለም፣ ግን መጥቶ በየነጥቡ ብድግ ይል ነበር። ዓይኔ ከሜዳው እኩል እነሱ ላይ ነበር።

የመጀመሪያውን ዙር ሲነር 6 ለ 2 ወሰደ፣ ሁለተኛውን በዚያው ውጤት ጆኮቪች። ሦስተኛው ላይ 5 ለ 4 ጆኮቪች እየመራ፣ ሲነር ሰርቭ እያደረገ (ኳሷን እያስጀመረ)፣ ነጥቡ 0 ለ 40 ሆነ። ሦስት ማች ፖይንት፤ ጆኮቪች ከሦስቱ አንዷን ነጥብ ብቻ ቢያገኝ ጨዋታው ያልቃል። የሲኞሬ ልጅ ፊቱን በሻርፑ ሸፈነ። አዳራሹ ጸጥ ሲል ሲነር ኳሷን መሬት ላይ የሚያነጥርበት ድምፅ እኛ እስካለንበት ድረስ ይሰማ ነበር፣ ቋ፣ ቋ፣ ቋ። አንዱን አዳነ። ሁለተኛውን አዳነ። ሦስተኛውን ሲያድን ከፊቴ የነበሩት አሮጊት ዞረው አቀፉኝ፤ ማን እንደሆንኩ አያውቁም፣ እኔም አላውቃቸውም። ከዚያ የጆኮቪችን ሰርቭ ሰብሮ፣ ማለትም ጆኮቪች ኳስ የሚያስጀምርበትን ጌም ነጥቆ፣ 7 ለ 5 ጨረሰው።

ብዙም ሳያርፍ ከሎሬንዞ ሶኔጎ ጋር ለጥንድ ጨዋታው ተመለሰ፣ ከመረቡ ማዶ ደግሞ ያው ጆኮቪች ከኬችማኖቪች ጋር። ሶኔጎ ጉልበቱን የሚያካፍል ሰው ነው። ይስቃል፣ ይጮሃል፣ ትከሻ ይመታል። ሲነር ሁለት ሰዓት ሙሉ ፊቱን ቋጥሮ ቆይቶ ከሶኔጎ አጠገብ ሲሆን ጥርሱ ታየ። 6 ለ 3፣ 6 ለ 4 አሸነፉ። ወዲያው ስልክ ደወልኩ። ሲኞሬ «አየሁ፣ አየሁ» ብቻ አሉኝ፣ ከዚያ መናገር አቃታቸው።

የእኔ ትኬት የቅዳሜውን ብቻ ነበር። እሑድ ጠዋት ተመልሼ ከአውስትራሊያ ጋር የነበረውን ፍጻሜ ሶፋችን ላይ አየን። የጣሊያኑ አርናልዲ ፖፒሪንን በሦስት ዙር ታግሎ ረታ። ሲነር ዴ ሚናውርን 6 ለ 3፣ 6 ለ 0 ሲያሸንፍ የ47 ዓመት ጥበቃ ተዘጋ። ሲኞሬ ስልኩን አምጪልኝ አሉና ወንድማቸው ጋ ደወሉ። ረጅም ሰዓት አወሩ፣ ስለ ሳንቲያጎም ስለ ማላጋም። ሲጨርሱ ቡና አምሮኛል አሉኝ። ማታ ማታ ሐኪም ከልክሏቸዋል፣ ሁለታችንም እናውቃለን። ማላጋ ላይ የለመድኩትን ኑቤ፣ በወተት ላይ ጠብታ ቡና ጣል አድርጌ ሰጠኋቸው። ቀመሱና ስኒውን መለሱልኝ።

«ዛሬ ይጥቆር» አሉኝ።