ሱሉልታ ላይ የሠራሁት የግንድ ጋሪ

ከእንጦጦ ጀርባ፣ ወደ ሱሉልታ ሜዳ በሚወርደው ተዳፋት ላይ፣ አያቴ ተክለውት ያለፉ አንድ ጥማድ የማይሞላ ባሕር ዛፍ አለን። አባቴ ለአጣናና ለማገር የሚሆነውን ቀጫጭኑን እያስቆረጠ ሲሸጥ ኖረ እንጂ ትልልቆቹን አይነካቸውም ነበር። እነሱን ከዚያ ማውጣት የሰው ትከሻ ይጠይቃል፤ የሰው ትከሻ ምን እንደሚያስከፍል ደግሞ ያውቃል። እኔ ልጅ ሳለሁ አጎቴ ከአምስት ሰዎች ጋር ግንድ ተሸክሞ ሲወርድ የፊተኛውን አዳለጠውና ግንዱ አጎቴ እግር ላይ አረፈ። ዛሬም ያነክሳል። በ2015 ዓ.ም. ለቤት መሥሪያ እንጨት ሲያስፈልገን ትልልቆቹን ለመቁረጥ ስወስን ለራሴ አንድ ቃል ገባሁ፤ ከዚህ ተዳፋት ማንም ሰው ግንድ በትከሻው ይዞ አይወርድም።

ያለን ትራክተር ትንሽ ነው፤ 25 የፈረስ ጉልበት፣ ክብደቱ አንድ ቶን ገደማ። 25 የሚለው ቁጥር ደግሞ ለቆላ ሰው ነው። እኛ ያለነው 2,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ቱርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህሉን ያጣል። ይህን አውቅ ነበር። ያላሰብኩበት የግንዱን ክብደት ነው።

ነጭ ባሕር ዛፍ እርጥብ ሳለ ከውኃ አይቀልም። 50 ሳንቲ ሜትር ውፍረትና 4 ሜትር ርዝመት ያለው ግንድ 0.8 ሜትር ኩብ ይጠጋል፤ በእኛ ልማድ ስንቆጥረው 8 ኩንታል ነው። 8 ኩንታል ጤፍ በተጎታች ተጭኖ በጥርጊያ መንገድ ሲሄድ ለዚህ ትራክተር ምንም አይደለም። ግንድ መሬት ለመሬት ሲጎተት ግን አፈሩን እያረሰ ስለሚሄድ፣ ለማንቀሳቀስ ብቻ የክብደቱን ግማሽ ወይም ከዚያ በላይ ኃይል ይፈልጋል። ትራክተሩ ደግሞ እርጥብ አፈር ላይ መጎተት የሚችለው ከራሱ ክብደት ግማሹን ቢሆን ነው። ሁለቱ ሲተካከሉ ጎማው እዚያው ይሽከረከራል። ሞተሩ ገና አቅም አለው፤ የሚከዳው መሬቱ ነው።

የመጀመሪያውን ሳምንት እንዲሁ በሰንሰለት ስጎትት አሳለፍኩ። አንድ በርሜል ለሁለት አስቀድጄ የግንዱ ጫፍ ሥር አደረግሁለት፤ በደረቁ ቦታ ጥሩ ተንሸራተተ፣ ታች ኮትቻው አፈር ላይ ሲደርስ ግን ጭቃውን እየዛቀ ራሱን ቀበረ። ከዚያም የባሰ ነገር አየሁ። የሚጎተተው ግንድ በየመንገዱ የጉቶዎቹን ልጥ እየላጠ ያልፋል። ባሕር ዛፍ ተቆርጦ መልሶ የሚያቆጠቁጠው ከልጡ ሥር ካሉት እንቡጦች ነው፤ ልጡ ከተገፈፈ ጉቶው ሞተ ማለት ነው። አያቴ አንድ ጊዜ ተክለው ሦስት ትውልድ የሚቆረጠውን ዛፍ እኔ በአንድ ሳምንት ልገድለው ነበር። ወደ መሰንጠቂያ ቤት የወሰድኳቸው የመጀመሪያዎቹ ግንዶችም ቅርፊታቸው ውስጥ ጠጠርና አፈር ተሰግስጎ ስለነበር የመጋዙን ጥርስ አደነዘዙት። ባለቤቱ ተቆጣ፤ እውነቱን ነው።

የሳምንቱ መጨረሻ ላይ ሕይወቴን ላጣ ነበር። የግንዱ ጫፍ ከፍ ቢል አፈር አይቆፍርም ብዬ ሰንሰለቱን ከትራክተሩ ኋላ በላይኛው ማያያዣ፣ ከኋላ ጎማው ዘንግ በላይ ባለው ላይ አሰርኩት። ግንዱ ጉቶ ላይ ተደግፎ ቆመ። ፍሪሲዮኑን ስለቀው የኋላ ጎማዎቹ መሬት ያዙ፣ ግንዱ አልነቃነቅም አለ፣ የፊት ጎማዎቹ ከመሬት ተነሱ። ፍሪሲዮኑን መልሼ የረገጥኩት በድንጋጤ ነው፤ ለማሰብ ጊዜ አልነበረም። ጎማው መሽከርከር ሲያቅተው ሞተሩ የትራክተሩን አካል በጎማው ዘንግ ዙሪያ ወደ ኋላ ይገለብጠዋል፤ ሰንሰለቱ ከዘንጉ በላይ ከታሰረ እሱም በዚያው አቅጣጫ ይስባል። ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ መመለሻ የሌለው ቦታ ይደርሳል። በታችኛው መጎተቻ፣ ከዘንጉ በታች ቢታሰር ኖሮ መጀመሪያ ጎማው ይንሸራተት ነበር። ይህን የሚያነብ ባለ ትራክተር ሌላውን ሁሉ ቢረሳ ይህን አይርሳ።

ጎረቤታችን ያሉ አዛውንት አጥር ላይ ተደግፈው ሲያዩኝ ነበር። «ልጄ፣ ተወው ይህን ዛፍ። አባትህም ትቶት ነው የኖረው» አሉኝ።

«አባባ፣ በትከሻ ግን አናወርደውም» አልኳቸው።

«በትከሻማ አታውርዱት» አሉና ዝም አሉ። አጎቴ የወደቀ ቀን ከተሸከሙት አንዱ እሳቸው ነበሩ።

በማግስቱ ትራክተሩን አቁሜ ወረቀት ይዤ ተቀመጥኩ። ግንዱን መጎተት ካቃተኝ ወፍራም ጫፉን ከመሬት ባነሳው፣ የክብደቱን ግማሽ ጎማ ይሸከምልኛል፤ መሬት ላይ የሚቀረው ቀጭኑ ጭራ ብቻ ነው። ስለዚህ የሚያስፈልገኝ እንደ በር ጉበን ያለ ቅስት ነው፤ ግራና ቀኝ ጎማ ያለው፣ መሃሉ ባዶ ሆኖ ግንዱ በውስጡ የሚንጠለጠልበት። ቀጥ ያለ የመኪና አክስል አይሆንም፤ ግንዱ የሚያልፍበትን መሃሉን ይዘጋዋል።

መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ ወርጄ ከአሮጌ ፒክአፕ የወጣ ሞዞ፣ ጎማው የሚታሰርበትን መሃል ማለት ነው፣ ከነኩሽኔታውና ከነቸርኬው ገዛሁ። በዚህ አልተሳሳትኩም። በቱቦው ግን ተሳሳትኩ፤ ርካሽ ሆኖ ስላገኘሁት ዚንክ የተለበጠ የውኃ ቱቦ ይዤ መንገድ ዳር ወዳለው ብየዳ ቤት ሄድኩ። በያጁ ሲበይደው ዋለ። ማታ ብርድ ብርድ አለው፣ ትኩሳት ያዘው። «ወንድሜ፣ የቱቦው ጭስ ነው ያመመኝ» አለኝ በማግስቱ፤ በዚያ ቀን ተሻለው እንጂ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ዚንክ ሲቃጠል የሚወጣው ነጭ ጭስ መርዝ ነው፤ እንዲህ ያለ ቱቦ መበየድ ግድ ከሆነ ልባጡ ቀድሞ ተሞርዶ መነሳት አለበት፣ ሥራውም ደጅ፣ ነፋስ ባለበት ይሁን። ያም ሆኖ ጋሪው አልጸናም። ሦስተኛው ግንድ ላይ የቅስቱ ማዕዘን ተከፈተ።

ሁለተኛውን በ80 በ80 አርኤችኤስ (ውስጡ ባዶ የሆነ አራት ማዕዘን ብረት)፣ 4 ሚሊ ሜትር ውፍረት ባለው ሠራነው። ማዕዘኖቹ ላይ ከ8 ሚሊ ሜትር ላሜራ የተቆረጠ ሦስት ማዕዘን በሁለቱም በኩል ገባ። ኃይሉ ሁሉ የሚያርፈው ማዕዘኑ ላይ ነው፤ እዚያ ላይ መቆጠብ ሁለት ጊዜ ማሠራት ነው። ከጎማ እስከ ጎማ 1.4 ሜትር አደረግነው። ከላይኛው አግዳሚ ወደ ፊት የሚዘረጋ፣ ከዘንጉ ጀምሮ 2.5 ሜትር የሚሆን ረጅም ብረት አለው። ሠራተኞቹ ወዲያው ሞፈር ብለው ጠሩት፤ ስሙም ጸና።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ጋሪው ግንዱን መሃል አድርጎ ከላዩ ይገፋል። ሞፈሩ ወደ ላይ ሲነሳ አግዳሚው ወደ ኋላና ወደ ታች ይጋደማል። ያን ጊዜ በግንዱ ዙሪያ የታሰረው የሰንሰለት ማነቆ ከአግዳሚው መንጠቆ ላይ ይጠልቃል። ከዚያ ሞፈሩን ዝቅ ማድረግ ነው። መንጠቆው ከዘንጉ በኋላ 50 ሳንቲ ሜትር ላይ ከሆነ ሞፈሩ 5 እጥፍ ያግዛል፤ ከ8 ኩንታሉ ግንድ ጫፍ ላይ የሚያርፈው 4 ኩንታል በሞፈሩ ጫፍ 80 ኪሎ ይሆናል። ሁለት ሰው ዝቅ ያደርገዋል፤ እየወረደ በሄደ ቁጥርም መንጠቆው ወደ ዘንጉ አናት ስለሚጠጋ ይቀላል። ሞፈሩ ሲጋደም በትራክተሩ ታችኛ መጎተቻ ላይ በፒን ይታሰራል። ስምንት ኩንታሉ ግንድ ለመጀመሪያ ጊዜ ጫፉን ከመሬት ሲያነሳ ሁላችንም ዝም አልን።

አደጋ የለውም ማለት አይደለም። ግንዱ ተንጠልጥሎ ሳለ ሞፈሩ ከእጅ ካመለጠ ወደ ላይ ይወረወራል፤ በላዩ የተጎነበሰ ሰው ካለ አገጩን መትቶ ይገድለዋል። ስለዚህ ጫፉ ላይ ገመድ አሰርንና በገመዱ፣ ጎን ቆመን መሳብ ጀመርን። ሞፈሩ ላይ ማንም አይጎነበስም።

መያዣው ብዙ አስቸገረኝ። መጀመሪያ ከባሌስትራ፣ ከመኪና ሞላ ብረት፣ እንደ ቀጥቃጭ ጉጠት ያለ መቆንጠጫ አሠርቼ ነበር፤ ሲያዩት ያምራል። የባሌስትራ ብረት ግን ጠንካራ ስለሆነ ሳይሞቅ ሲበየድ የብየዳው ዳር ይሰባበራል። አንደኛው ጥርስ ግንድ ተሸክሞ ሳለ ተሰበረ፤ ደግነቱ ሰው ከአጠገቡ አልነበረም። ጉጠቱን ትቼ ሰንሰለት ላይ ጸናሁ። ምልክት የሌለው የገበያ ሰንሰለትም በሦስተኛው ቀን ቀለበቱ ተከፈተ። አሁን የያዝኩት 10 ሚሊ ሜትር፣ ቀለበቱ ላይ 8 ቁጥር የተመታበት ነው፤ ይህ ዓይነት 3.15 ቶን እንዲያነሳ የተሠራ ነው። ዋጋው ያስደነግጣል። እኔ ግን ከጋሪው ሁሉ በተሻለ ያወጣሁት ብር እሱ ነው እላለሁ።

ቁልቁለቱ ሌላ ጣጣ ነበረው። ጋሪው ፍሬን የለውም፤ ግንዱ ሚዛኑን ጠብቆ ከመሃሉ ከተንጠለጠለ ወደ ታች ሲሄድ ትራክተሩን ይገፋዋል፤ ትራክተሩም ተጣሞ ይቀለበሳል። መፍትሔው ግንዱ ራሱ ውስጥ ነበር። ማነቆውን ወደ ወፍራሙ ጫፍ አስጠግተን ስናስር የኋላው ጭራ መሬት ላይ ከብዶ ይጎተታል፤ እሱ ፍሬናችን ሆነ። ሜዳው ላይ ስንደርስ ወርደን ማነቆውን ወደ መሃል እናዛውራለን፤ ጭራው ይቀላል። ቁልቁለት ላይ ሁሌም አንደኛ ማርሽ ነው፤ ፍሪሲዮን አይረገጥም፤ አግድም ተዳፋት ላይም በፍጹም አይኬድም፤ ቀጥ ብሎ መውረድ ነው።

ኢሱዙ ላይ መጫኑ ቀላል ሆኖ አገኘሁት። ሁለት ወፋፍራም ጠርብ መወጣጫ ተደግፎ፣ የሁለት ገመድ ጫፍ መኪናው ላይ ይታሰራል። ገመዶቹ በግንዱ ሥር ዞረው በላዩ ተመልሰው በመኪናው ማዶ ወዳለው ትራክተር ይሄዳሉ። ግንዱ እየተንከባለለ ይወጣል፤ በዚህ አስተሳሰር የሚያስፈልገው ጉልበት በግማሽ ይቀንሳል። ከኋላው በየርምጃው ሽብልቅ ይገባል፤ ሽብልቅ የሚያስገባው ሰው ከጎን ይቆማል እንጂ ከግንዱ በታች አይቆምም።

በዘጠኝ የሥራ ቀን 34 ግንድ ወረደ። ኩሽኔታዎቹን በየሦስት ቀኑ ቅባት እሞላ ነበር፤ በኮትቻ ጭቃ ውስጥ ያልተቀባ ኩሽኔታ ዕድሜ የለውም። ጋሪው ያልነካቸው ጉቶዎች የበልጉ ዝናብ ሲጥል አቆጠቆጡ። በመጀመሪያው ሳምንት የላጥኳቸው አሥራ አንዱ እስካሁን ደረቅ ናቸው።

ባለፈው ወር ጎረቤቴ አዛውንቱ መጥተው «ልጄ፣ የኔንም ዛፍ ልጆቼ ሊቆርጡት ነው» አሉኝ። በያጁ ለእሳቸው ልጆች ሌላ ጋሪ ጀምሯል። በጎማዎቹ መካከል 10 ሳንቲ ሜትር እንዲጨምር ነግሬዋለሁ፤ የእሳቸው ዛፎች ከኛ ይወፍራሉ።