ስም ያልተቀረጸባቸው ሜዳሊያዎች

የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በኮርያ ለዘመቱ ወታደሮች የሰጠውን ሜዳሊያ በሁለት ቋንቋ ስላገኘሁ ዛሬ ጎን ለጎን አስቀምጬ ስመረምራቸው አመሸሁ። አንደኛው ለእኛ የቃኘው ሻለቃ ወታደሮች የተሰጠው ባለ አማርኛ ጽሑፍ ነው፤ ሁለተኛው ለአንድ ካናዳዊ የተሰጠው ባለ እንግሊዝኛ ነው። በወይራ ዝንጣፊ የታቀፈው የዓለም ካርታም ሆነ ሰማያዊና ነጭ እየተፈራረቁ 17 መስመር የሚሠሩበት ጥብጣብ በሁለቱም ላይ አንድ ነው። ልዩነቱ ብዙ ሰው ልብ በማይለው ቦታ፣ በጠርዙ ላይ ነው። የካናዳዊው ሜዳሊያ ጠርዝ ላይ የባለቤቱ ስምና የወታደርነት ቁጥሩ ተቀርጿል፤ ለአውስትራሊያና ለደቡብ አፍሪካ ዘማቾችም እንዲሁ እየተቀረጸ ነበር የተሰጠው። እኔ እስካሁን በእጄ ይዤ ያየኋቸው የአማርኛዎቹ ጠርዝ ግን ልሙጥ ነው።

ይህ ለእኛ አካባቢ ቀላል ነገር አይደለም። ከመንዝ ወይም ከተጉለት አንድ ቤት የወጣ ሜዳሊያ አዲስ አበባ ገበያ ሲደርስ፣ የማን ደረት ላይ እንደነበረ የሚመሰክርለት ነገር አብሮት አይሄድም። መሐል ሜዳ አካባቢ የሚኖሩ አንዲት እናት የአባታቸውን ሜዳሊያ ከሳጥን አውጥተው፣ የተጠቀለለበትን ጨርቅ ፈትተው ሲያሳዩኝ፣ «ማየት ትችላለህ ልጄ፤ መሸጥ ግን አይታሰብም» አሉኝ። እኔም «እማማ፣ እንኳን አልሸጡት» አልኳቸው፤ ከልቤ ነበር። ከሥሩ የታጠፈ ወረቀት ነበረ፤ ማዕረጉ፣ ስሙና የሻለቃው ተራ ቁጥር ተጽፎበታል። ለእኔ ከነሐሱ ይልቅ ያ ወረቀት ይበልጣል።

ሜዳሊያው በድርጅቱ ጠቅላላ ጉባኤ የተወሰነው ታኅሣሥ 3 ቀን 1943 ዓ.ም. ነው። ከሰኔ 20 ቀን 1942 እስከ ሐምሌ 20 ቀን 1946 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ውስጥ ቢያንስ 30 ቀን ያገለገለ ሁሉ ያገኘዋል፤ ስለዚህ የተኩስ አቁም ስምምነቱ ከተፈረመ በኋላ የደረሱትንም ይጨምራል። የመጀመሪያው ቃኘው ከክቡር ዘበኛ ተውጣጥቶ በሚያዝያ 1943 ዓ.ም. ከአገር ሲወጣ፣ ኮርያ ላይ የተመደበው ከአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ጋር ነበር። በዘመቻው ከ120 በላይ ኢትዮጵያውያን ወደቁ፤ የተማረከ ግን አልነበረም።

ከኢትዮጵያውያኑ ጥቂቶቹ የአሜሪካን የብር ኮከብ ተሸልመዋል። ይህ ኮከብ ወርቃማ ቀለም ያለው ሲሆን፣ ከመሐሉ የአምስት ሚሊሜትር ያህል ስፋት ያላት ትንሽ የብር ኮከብ ተቀምጣለች፤ ጀርባው ላይ በውጊያ ለታየ ጀግንነት እንደሚሰጥ ይገልጻል። ሰብሳቢዎች ይህንን ያስቀድማሉ፤ ብርቅነቱን እኔም አልክድም። ነገር ግን የጀግንነት ሽልማት የሚሰጠው አለቃ ያየውን፣ ጽፎ ያስተላለፈውንና የበላዮቹ ያጸደቁትን ነው። በሌሊት ቅኝት፣ ማንም ሳያየው ቁስለኛ ጓዱን ተሸክሞ የተመለሰ ወታደር ጽሑፍ አይደርስለትም፤ የአማርኛው ሜዳሊያ ግን እርሱንም ከመኮንኑ እኩል ይቆጥረዋል። ስለዚህ በእኔ ሚዛን የሚቀድመው ለሁሉም የተሰጠው ነው።

የደቡብ ኮርያ መንግሥት ያበረከተው የዘመቻ ሜዳሊያ ደግሞ ሌላ ታሪክ አለው። ስጦታው የቀረበው በጦርነቱ ጊዜ ሆኖ ሳለ፣ አሜሪካ ወታደሮቿ እንዲያደርጉት የፈቀደችው በነሐሴ 1991 ዓ.ም. ነው፤ በዚያ መካከል ስንቱ ዘማች ሳያየው እንዳረፈ ሳስብ ያሳዝነኛል።

ከእንግዲህ ከቤተሰብ እጅ ያለ ሜዳሊያ አልገዛም። የሁለቱን ገጽና የጠርዙን ፎቶግራፍ አንስቼ፣ የባለቤቱን ስም፣ የሻለቃውን ቁጥርና የተወለደበትን ቀበሌ በመዝገቤ አሰፍራለሁ፤ አንዱን ግልባጭ ለቤተሰቡ እሰጣለሁ። በሚቀጥለው ወር ደብረ ሲና ወርጄ፣ የሁለት ወንድማማቾች ሜዳሊያ በአንድ ላይ አለ የተባለበትን ቤት እጠይቃለሁ፤ ማንኛው የማንኛው እንደሆነ የሚያውቁት አክስታቸው በሕይወት ስላሉ ይህ ሥራ ሊዘገይ አይገባም።