ከሐምሌ እስከ ግንቦት በፋርጣ አጸድ

ከባሕር ዳር ወደ ደብረ ታቦር የተጓዘ ሰው መንገዱን ያውቀዋል። ሐሙሲት ትታለፋለች፤ የፎገራ ሜዳ ሩዙን ይዞ ይዘረጋል፤ ወረታ ላይ ወደ ቀኝ ታጥፈው አቀበቱን ሲጀምሩ ግራ ቀኙ እርሻ ብቻ ይሆናል። ዛፍ ከተባለ በየጓሮው የተሰደረው ባሕር ዛፍ ነው። ድንገት ግን አንድ ጉብታ ላይ ጥቅጥቅ ያለ ደን ብቅ ይላል፤ ሾፌሩ በአንድ እጁ መሪውን እንደያዘ ያማትባል። እንዲህ ያለ ደን ካለ ውስጡ ታቦት አለ።

በደቡብ ጎንደር ብቻ እንዲህ ያሉ አጸዶች፣ ማለትም በቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ያሉ ደኖች፣ ከሺህ በላይ ናቸው። አብዛኞቹ 10 ሄክታር እንኳ አይሞሉም። ዙሪያቸው ለእርሻና ለማገዶ ሲመነጠር እነሱ የተረፉት መጥረቢያ ይዞ የሚገባባቸው ሰው ስለጠፋ እንደሆነ ሁሉም ይናገራል። እውነት ነው። ነገር ግን ከ2011 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ የባለቤቴ ዘመዶች በሚኖሩበት በፋርጣ ወረዳ፣ ወደ አንዲት የገጠር ሚካኤል ስመላለስ ያየሁት የሰው ጉልበት ያንን ያህል ሊነገርለት የሚገባ ነው። ዓመቱን ሙሉ፣ ያለ ምንም ክፍያ፣ የሚለፋ ሰው አለ።

መጀመሪያ የደረስነው በሐምሌ ነው። ያ ሐምሌ በመላ አገሪቱ የችግኝ ወር ነበር፤ በ22ኛው ቀን በአንድ ጀንበር ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉን መንግሥት ያበሰረበት። እዚህ ግን ካሜራም መፈክርም አልነበረም። ጉና ተራራ በደመና ተሸፍኗል፣ ጭቃው ጫማ ያስወልቃል፣ ቅዳሴ እንደወጣ ሕዝቡ ነጠላውን ለሕፃናት እያስያዘ ወደ ጉድጓዶቹ ወረደ። ጉድጓዶቹ ከግንቦት ጀምሮ ተቆፍረው የቆዩ ናቸው። አማቼ ችግኙን ከአህያ ላይ እያወረዱ፣ «ፕላስቲኩን በምላጭ ቅደደው እንጂ አትጎትተው፤ አፈሩ ከተበተነ ሥሩን አየር ይመታዋል» አሉኝ። ከጎኑ ሸርተት አድርጎ መቅደድ፣ አፈሩን እንዳቀፉ ማስገባት፣ ዙሪያውን በተረከዝ ረገጥ ረገጥ ማድረግ። ወይራ፣ ዝግባና ጥቁር እንጨት ተተከለ፤ ከላይኛው ጎን ደግሞ ኮሶና ጥድ። ጥድ ጥላ ስለማይወድ ገላጣው ቦታ ለእሱ ተተወ። የቆሎ ተማሪዎቹ የተቀደደውን ፕላስቲክ አንድ ሳያስቀሩ በጆንያ ለቀሙ።

የሚተከለው በነባሩ ደን ጠርዝና በድንጋይ ካቡ መካከል በተተወው መሬት ላይ ነው። ካቡን ሆን ብለው ከደኑ ራቅ አድርገው ነው የጀመሩት፤ ደኑ እንዲሰፋ። ለምን መትከል አስፈለገ፣ ዘሩ ራሱ ወድቆ አይበቅልም ወይ የሚል ሰው ይኖራል። እነዚህን አጸዶች በጥልቀት ያጠኑት ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ፣ እ.ኤ.አ. በ2007 በኔዘርላንድስ ዋኽኒንገን ዩኒቨርሲቲ ባጠናቀቁት የዶክትሬት ሥራቸው ዙሪያ ያወጧቸው ጥናቶች መልስ አላቸው። የአብዛኞቹ አገር በቀል ዛፎች ዘር በአፈር ውስጥ ተቀብሮ ዓመታት አይጠብቅም፤ ወይ ቶሎ ይበቅላል፣ ወይ ይጠፋል። ስለዚህ እናት ዛፎቹ አንዴ ከተቆረጡ መሬቱ በራሱ የሚመልሰው ደን የለም። የበቀለውን ቡቃያ ደግሞ ከብት ይግጠዋል፣ ይረግጠዋል። ታጥሮ በተያዘ ቦታ ቡቃያው በተሻለ ሁኔታ እንደሚተርፍ በሙከራ አሳይተዋል። እርሳቸውና አሜሪካዊቷ የደን ተመራማሪ ሜግ ላውማን ከካህናቱ ጋር ሆነው በዞኑ ባሉ ሌሎች አጸዶች ዙሪያ ካብ እንዲካብ የደከሙት ለዚህ ነው።

በጥቅምት ስንመለስ ችግኙ አይታይም ነበር። ሣሩ ከጉልበት በላይ አድጎ ውጦታል። ሴቶቹ ማጭድ ይዘው ጎንበስ ብለው፣ መጀመሪያ በግራ እጃቸው ሣሩን እየዳበሱ ችግኙን ይፈልጋሉ፤ ሲያገኙት ዙሪያውን አጭደው፣ ሥር ሥሩን ኮትኩተው፣ ያጨዱትን ጥቂት ሣር መልሰው እርጥበት እንዲይዝለት ከሥሩ ያነጥፉለታል። እኔም ከጎናቸው ሆኜ ስዳብስ ከሣሩ መሃል አንድ ጣት የምታህል ዝግባ አገኘሁ፤ ቅጠሏ ገና ለስላሳ ነው። የተረፈው ሣር በእጣ ተከፋፍሎ በሸክም ወደየቤቱ ይሄዳል። ይህን ሥርዓት በጣም ወድጄዋለሁ። ከብቱ ወደ ሣሩ ከሚገባ ሣሩ ወደ ከብቱ ይወጣል፤ የደከመውም ባዶ እጁን አይመለስም። የሐምሌን ተከላ ለማየት የመጣ እንግዳ ብዙ ነበር፤ በዚህ ቀን ከመንደሩ ሰው ሌላ የመጣን እኛ ብቻ ነበርን። ችግኙን የሚያድነው ግን ይህ የጥቅምት አረም ነው ብዬ አምናለሁ።

የካቲት የካብ ወር ነው። እህሉ ተወቅቶ ገብቷል፣ መሬቱ ደርቋል፣ ድንጋዩ በየማሳው ፈጦ ይታያል። ገበሬው በበዓል ቀን ሞፈርና ቀንበር አይነካም፤ ለቤተ ክርስቲያን ድንጋይ መሸከም ግን እንደ ጸሎት ይቆጠራል። ቄሰ ገበዙ መምሬ፣ «ማረስ በተከለከለበት ቀን ነው እኛ ጉልበት የምናገኘው» አሉኝ። በዚያ ላይ ድንጋዩ ከማሳው ሲለቀም ማረሻው ይድናል፤ ባለማሳው ደስ እያለው ነው የሚያሸክምህ።

ካብ የሚክቡትን ሽማግሌ ለረጅም ሰዓት ቆሜ አየኋቸው። ሲሚንቶ የለም፣ ጭቃም የለም። ሰፊውን ድንጋይ ከታች ያስቀምጣሉ፤ ሁለተኛውን በሁለት ድንጋዮች መጋጠሚያ ላይ ይጭኑታል፤ በመዳፋቸው ነቅነቅ ያደርጉታል። ከተንቀሳቀሰ አውርደው ያዞሩታል እንጂ በጠጠር አይደግፉትም። ጠጠሩ ለመሃሉ ብቻ ነው። በሩ ላይ ደግሞ መግቢያውን እንደ ጥምዝ አድርገው አጥበውታል፤ ሰው ጎኑን አዙሮ ያልፋል፣ በሬ ግን ቀንዱና ሆዱ አያሳልፉትም።

ማታ ማታ ልጆቹ የወይራ ፍሬ ይፈለፍላሉ። የወይራ ዘር ቅርፊቱ ድንጋይ ስለሆነ እንዲሁ ቢዘሩት ብዙ ጊዜ ያስጠብቃል። ጫፉን በጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ አስደግፈው በሌላ ድንጋይ ቀስ ብለው ይነድሉታል። ትንሽ ከበረታ ውስጡ ይደቃል፣ ከሳሳ ቅርፊቱ አይነካም። የባለቤቴ ታናሽ እህት ልጅ፣ «አጎቴ፣ ድምፁን ስማው፤ ቀጭ ሲል ተወው» እያለች አስተማረችኝ። እነዚህ ችግኞች የሚደርሱት ለከርሞ ነው።

ሁሉም ነገር ስምምነት ነበር ማለቴ አይደለም። በታችኛው በኩል ሰበካ ጉባኤው ከዓመታት በፊት ያስተከለው ባሕር ዛፍ አለ። አንዳንዶቹ ይቆረጥና ቦታው ለወይራ ይልቀቅ ይላሉ። ሌሎቹ ደግሞ ጣሪያው የሚታደሰው፣ አገልጋዮቹ የሚደጎሙት ከእሱ ሽያጭ እንደሆነ ያስታውሳሉ። ክርክሩ እስከ ምሽት ዘለቀ። ባሕር ዛፉ ቢወጣ ደስታዬ ነው። በተፋፋበት ቦታ ከሥሩ ሌላ ቡቃያ ሲቸገር አይቻለሁና። ሆኖም የዲያቆናቱን ቀለብ ከየት ታመጣለህ ሲሉኝ የሰጠሁት መልስ የለኝም። ባሕር ዛፉ ካለበት አልፎ እንዳይሄድ ወሰን ተበጅቶለት ተለያዩ።

ግንቦት ላይ ኮሮና ገብቶ ነበር። በመጋቢት መጨረሻ የታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከ4 ሰው በላይ መሰብሰብን ስለከለከለ ደቦው ቀረ። ጉድጓድ ቁፋሮው ግን አልቀረም። መምሬ የካቡን ዙሪያ በእርምጃ ለክተው ለየቤተሰቡ አካፈሉት፤ አንዱ ቤት ጠዋት፣ ሌላው ከሰዓት፣ እየተፈራረቀ ድርሻውን ቆፈረ። አማቼና ልጆቻቸው የቆፈሩትን እኔም በዶማ አገዝኩ። ከመድረቁ ብዛት መሬቱ ያንጣጣል።

በዚያው ያለፈውን ዓመት ችግኝ እየዞርን አየን። ዝግባው አብዛኛው ይዟል፤ ወይራውም ደህና ነው፤ ኮሶው በውርጭና በድርቁ ብዙ ተጎድቷል። በታችኛው ጥግ፣ ካቡ ባልደረሰበት በኩል ግን አንድም አልተረፈም። ፍየል ከነግንዱ ጨርሶታል። ቀጋና አጋም ቆርጠን ክፍተቱን ለጊዜው በእሾህ ዘጋነው። መምሬም በዚያ ጥግ ካቡ ሳይገጥም ችግኝ እንዳይተከል ወሰኑ፤ ለዚያ ተመድቦ የነበረው ችግኝ ለጎረቤቷ ማርያም እንዲሰጥ ተላከ፣ የእነሱ ካብ ቀድሞ አልቆ ነበርና።