ከሸክላ ማጫወቻው የተረፈችው ቀለበት

ፒያሳ፣ ከማዘጋጃ ቤቱ ቁልቁል፣ ከቸርችል ጎዳና ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ አሮጌ ራዲዮና ሸክላ ማጫወቻ ስጠግን ዓመታት አልፈዋል። የመጨረሻውን ብሎን አጥብቄ ካቻቪቴዬን ካስቀመጥሁ በኋላ ጠረጴዛው ላይ አንድ ነገር ተርፎ ያየሁበት ጊዜም ጥቂት አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ የሚተርፈው ሮንዴላ ስለሆነ ቦታውን ለማግኘት ብዙ አያደክምም፤ አንዲት የናስ ቀለበት ግን አንድ ሙሉ ቀን አባክናብኛለች።

ማጫወቻውን ያመጡት በዕድሜ የገፉ ጡረተኛ ሲሆኑ፣ አባታቸው አሥመራ ቃኘው ጣቢያ ከነበሩ አሜሪካውያን እንደገዙት ነገሩኝ። ከሥሩ የተለጠፈው ጽሑፍ 117 ቮልት፣ 60 ሄርዝ (ሄርዝ ኤሌክትሪኩ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚመላለስ የሚለካበት ነው) ይላል፤ የእኛን 220 ቮልት የምትቀንስ ትራንስፎርመርም አብራው መጥታለች። ሞተሩ በደረቀ ቅባት ተይዞ ነበርና ፈታሁት፤ ዘንጉን አልኮል በነካ ጨርቅ ጠራረግሁ፣ ትናንሾቹን ዕቃዎች በጣሳ ዘፈዘፍሁ፣ ከዚያም ሁሉንም መልሼ ገጠምሁ። ጣሳውን ስደፋ ከባቄላ ፍሬ የምታንስ ቀለበት ከሥሩ ወጣች።

የማጫወቻውን የመለዋወጫ ሥዕል ከዳር እስከ ዳር ብመለከት እንዲህ ያለች ቀለበት የለችም። ስለዚህ ከሌላ ዕቃ የቀረች ናት ብዬ የትርፍራፊ ሣጥኑ ውስጥ ጣልኋት። ሥዕሉ የሚያሳየው ዕቃው ከፋብሪካ ሲወጣ የነበረውን ብቻ መሆኑን፣ ከዚያ ወዲህ የማን እጅ ምን እንደጨመረበት ሊያሳይ እንደማይችል በዚያች ሰዓት አላሰብሁም።

ባለቤቱ ሲመጡ ከያዟቸው ሸክላዎች አንዱን አስቀመጥሁላቸው። ትንሽ አዳምጠው፣ «ልጄ፣ ይህች ዘፋኝ እኮ ሴት ናት» አሉኝ። እውነትም ድምፁ ወፍሮ፣ ዜማው ተጎትቶ ነበር። እኔ ሸክላውን ከዚያ በፊት ሰምቼው ስለማላውቅ ምንም አልተሰማኝም ነበር፤ ከጆሮዬ ይልቅ የእርሳቸውን ትዝታ ማመን ነበረብኝ።

መጀመሪያ የጠረጠርሁት ጎማውን ነው። በእንዲህ ዓይነቱ ማጫወቻ የሞተሩ ዘንግ አንዲት የጎማ መንኰራኩር ያዞራል፤ እርሷም የሸክላውን ሳህን ከውስጥ ጠርዙ ታዞራለች። ጎማው ደርቆ ከተንሸራተተ ፍጥነቱ ይወርዳልና አጸዳሁት፣ ዘንጉንም እንደገና ዘይት ቀባሁ፤ ለውጥ አልመጣም። በመጨረሻ ከሳህኑ ዳር ብጣሽ ወረቀት ለጥፌ ሰዓቴን ይዤ ዙሩን ቆጠርሁ። በደቂቃ 45 ጊዜ መዞር የሚገባው 37 ዞሮ ግማሽ ያህል ጨመረ። ደግሜ ብቆጥርም ያው ሆነ። የሚንሸራተት ጎማ ደግሞ አንዴ እንዲህ አንዴ እንዲያ ይላል እንጂ ሁልጊዜ በእኩል መጠን አይዘገይም።

37.5 ለ45 ሲካፈል፣ 50 ለ60 ሲካፈል ከሚገኘው ጋር እኩል ነው። ትራንስፎርመር ቮልቱን ይቀንሳል እንጂ ሄርዙን አይነካም፤ የእኛ መብራት 50 ሄርዝ ስለሆነ ለ60 የተሠራው ሞተር በዚያው ልክ ቀስ ብሎ ይዞራል። ነገር ግን ማጫወቻው እዚሁ አገር ለዓመታት በትክክል ሲዘፍን ኖሯል፤ ስለዚህ አንድ ሰው መላ አበጅቶለት ነበር ማለት ነው።

ሣጥኑን ገልብጬ ቀለበቷን ፈለግሁ። በካሊፐር ስለካት ውስጧ 5፣ ውጭዋ 6 ሚሊ ሜትር ሆነ፤ ዘንጉ ለየፍጥነቱ ውፍረቱ የሚለያይ ደረጃ አለው፤ 45 ዙር በሚሰጠው ደረጃው ላይም 5 ሚሊ ሜትር ነው። ዘንጉ በአንድ አምስተኛ ሲወፍር ሞተሩ ያጎደለውን ፍጥነት ይመልሳል። አተኩሬ ሳያት ደግሞ በውጭ ገጿ ዙሪያዋን የጎማ ጥቁረት የሠራው ቀጭን መስመር ነበረባት፤ መጀመሪያውኑ አገላብጬ አይቻት ቢሆን ኖሮ ጎማ ሲነካት የኖረች መሆኗን ራሷ ትነግረኝ ነበር። ስሙን የማላውቀው የቶርኖ ባለሙያ በጥንቃቄ አውጥቶ ዘንጉ ላይ አጥልቋት ኖሮ፣ እኔ በጨርቅ ስፈትግ ሳላውቅ አወለቅኋት።

በቦታዋ መልሼ ስቆጥር 45 ሞላ። ከክዳኑ ውስጥ «በ45ቱ ደረጃ ላይ የናስ ቀለበት አለች፤ ስትጠርግ ካወጣሃት መልሳት» የሚል ወረቀት ለጠፍሁ። ባለቤቱ ያቺኑ ሸክላ እንደገና አዳምጠው፣ ሒሳባቸውን ከፍለው ሄዱ። በ33ቱ ደረጃ ላይ ቀለበት ስለሌለ ማጫወቻው እዚያ ላይ አሁንም ዘገምተኛ ነው፤ ነገር ግን እ.ኤ.አ. ከ1969 ጀምሮ አምሃ ሬኮርድስ እንዳወጣቸው እንደ አብዛኞቹ የዚያ ዘመን የአማርኛ ሸክላዎች የእርሳቸውም ሁሉ ባለ 45 ስለሆኑ፣ ይሠራልኝ ብለው አልጠየቁኝም።