የባቦጋያ ብርድ

ፈተና ላይ ተማሪዎቼን «ቢሾፍቱ ያለው የባቦጋያ ሐይቅ አልጌ መቼ ይበዛል?» ብዬ ጠይቄ ነበር። ግማሾቹ «በፀደይ» ብለው ጻፉ። አልፈርድባቸውም፤ መጽሐፉ የተጻፈው ክረምት በረዶ ለሚሸፍነው ለነአውሮፓ ሐይቅ ነው።

የኛ ነገር ሌላ ነው። ዓመቱን ሙሉ ፀሐይ አለ፣ የውሃው ሙቀት ከወር ወር የሚለያየው በጥቂት ዲግሪ ነው። ያቺ ጥቂት ዲግሪ ግን ጉድ ትሠራለች። ባቦጋያ በእሳተ ገሞራ ፍንዳታ የተፈጠረ ሐይቅ ነው፤ ጥልቀቱ ከ60 ሜትር ይበልጣል፣ ዙሪያው ገደል ስለሆነ ነፋስ እንደልቡ አያገኘውም። ስለዚህ ሞቃቱ ውሃ ከላይ፣ ቀዝቃዛው ከታች ሆኖ ይከርማል። እታች ኦክስጅን የለም፤ ከላይ እየሞተ የሚወርደው አልጌ ሲበሰብስ ይጨርሰዋል። ለአልጌው ምግብ የሚሆነው ማዳበሪያ ግን እዚያ ይጠራቀማል። ከኅዳር እስከ ጥር ሰማዩ ጥርት ሲል ሌሊቱ የላዩን ውሃ ያቀዘቅዘዋል፣ የቀዘቀዘው ከብዶ ይሰምጣል፣ የታችኛው ይወጣል። ለአልጌው ድግስ ነው። ለዓሣው አንዳንዴ ሞት።

ትምህርቴ የባሕር ሳይንስ ነው፣ ሥራዬ ሐይቅ ላይ። ጓደኞቼ «ባሕር የሌለው ባሕረኛ» ይሉኛል፤ ይበሉ። እኔን የሚያስጨንቀኝ ተማሪ አንድ ጠርሙስ ቀድቶ ግራፍ ሲሠራ ነው። ነፋስ አልጌውን ወደ አንድ ዳርቻ ከገፋው በዚያው ጠዋት ሁለት ቦታ የተቀዳ ውሃ አይመሳሰልም። ፕላንክተን፣ ማለትም ውሃ ውስጥ የሚንሳፈፈው ደቃቅ ሕይወት ሁሉ፣ የሚገባህ ዓመት ዓመትን እየተከተለ ሲለካ ብቻ ነው። እዚያው ቢሾፍቱ አጠገብ ያለውን ኪሎሌን እዩት። ድሮ ስፒሩሊና በሚባል አልጌ የተሞላ የሶዳ (ጨዋማ) ሐይቅ ነበር፤ የሞጆ ወንዝ ለመስኖ ተብሎ ሲጠለፍበት ጨዉ ቀጠነ፣ ስፒሩሊናውም ጠፋ። የድሮው ልኬት ባይኖር ማን ያውቅ ነበር?

ማይክሮስኮፕ ላይ ግን ስብከት አላበዛም። ጅራቷ ግራና ቀኝ ሁለት የእንቁላል ከረጢት ያንጠለጠለች ሳይክሎፕስ የምትባል ደቃቅ የውሃ እንስሳ፣ አንድ ቀይ ዓይን ግንባሯ ላይ፣ ድንገት ዘላ ከእይታ ስትወጣ ክፍሉ በሙሉ ይጮኻል። ከዚያ በኋላ ማስተማር ቀላል ነው።

ሲደክመኝ ዝቋላ እወጣለሁ። እግር ይፈትናል፣ አናቱ ላይ ደግሞ ሌላ ሐይቅ አለ። ናሙና ልቀዳ እጄን ያሳክከኛል፣ ግን ጸበል ነው፤ መረብ ይዤ አልወጣም።

ቅዳሜ ባቦጋያ ነን። ጎህ ሲቀድ ጀልባ ላይ እንወጣለን፤ ጃኬት ያልያዘ ተማሪ አላሳፍርም።